ቅመሙ ሳህኑ ስር እንዳይቀር፦ የሜክሲኮ፣ የሕንድና የኮሪያ ጣዕም ያለው ቺፕስ ቤት ውስጥ ለመሥራት

ብዙዎቻችሁ ሞክራችሁታል፣ አውቃለሁ። ከውጭ የመጣ ዘመድ ከሻንጣው አንድ ሁለት ከረጢት ቺፕስ ያወጣል፤ ላዩ ላይ ሎሚና ቀይ በርበሬ ተስሎበታል። ትቀምሱታላችሁ። «ይቺማ ቤትም ትሠራለች» ትላላችሁ። ከዚያ ድንች ይጠበሳል፣ በርበሬ ይነሰነሳል፣ ሎሚ ይጨመቅበታል፣ 5 ደቂቃ ሳይሞላ ድንቹ ይልፈሰፈሳል፣ ቅመሙም ሳህኑ ስር ይተኛል።

እኔም እንግዳ ፊት እንዲሁ ጉድ ሆኛለሁ። ሎሚ ጨምቄበት ሳቀርበው ቺፕሱ እንደ ረጠበ ወረቀት ታጠፈ። እንግዳዬ ጨዋ ስለሆነች «ጣዕሙ ግን ጥሩ ነው» አለች። ሁለተኛ ግን አላነሳችም።

ጥፋቱ የቅመም እጥረት አይደለም። የፈለጋችሁት አገር ጣዕም ይሁን፣ ሦስት ነገር ካልተሟላ አይሆንም፦ ቅመሙ ደረቅ መሆን አለበት፣ እንደ ሽሮ የላመ መሆን አለበት፣ ድንቹ ከዘይት በወጣ በ30 ሰከንድ ውስጥ መነስነስ አለበት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለእነዚህ ሦስት ነገሮች ሲባል የተጻፈ ነው።

እዚህ «ቺፕስ» የምለው ስሱንና ክቡን ነው። ከበርገር ጋር የሚመጣውን ረጅሙን አይደለም።

ደረጃ 1፦ ሥራውን ለሁለት ቀን ክፈሉት

ቅመሙን ዛሬ፣ ድንቹን ነገ። እርጥብ ቅመም የሚነሰንሰው ሁለቱንም በአንድ ከሰዓት ለመጨረስ የሚጣደፍ ሰው ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ይህ ነው፦

• 1 ኪሎ ድንች። ተጠብሶ ሲያልቅ ከ250 እስከ 300 ግራም ቢሆን አትደንግጡ፤ አብዛኛው ድንች ውሃ ነው።
• ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ፈሳሽ ዘይት። የሚረጋው ዘይትም ይጠብሳል፣ ግን ቺፕሱ ሲቀዘቅዝ ላንቃ ላይ ሰም ሰም ይላል፣ በተለይ እንደ አዲስ አበባ ባለ ብርዳም ከተማ።
• ታቹ ወፍራም የሆነ ጥልቅ ድስት፣ በደንብ ከሚገጥም ክዳን ጋር። ክዳኑ ለምን እንደሆነ ደረጃ 7 ላይ ታገኙታላችሁ።
• የቡና መፍጫ ማሽን ወይም ሙቀጫ። ማሽኑ ቡና ቡና ከሸተተ አንድ እፍኝ ጥሬ ሩዝ ፍጩበትና ድፉት።
• ቀጭን ወንፊት። የሻይ ማጥለያም ይበቃል።
• ቀዳዳ ያለው ጭልፋ፣ አንድ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን፣ ሁለት ንጹሕ ፎጣ፣ ሶፍት።

ደረጃ 2፦ ኮምጣጣውን አድርቁ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሎሚ ጣዕሙ ደስ ይላል፣ ግን ጭማቂው ውሃ ነው። የተጠበሰ ቺፕስ ደግሞ ውሃው በሙሉ ወጥቶ የደረቀ ነገር ስለሆነ ያገኘውን እርጥበት ሁሉ ይመጥጣል። ስለዚህ ሎሚ አትጨምቁ፣ ኮምጣጤም አታርከፍክፉ። ኮምጣጣው በዱቄት መልክ ነው መግባት ያለበት።

ለዚህ ሁለት መንገድ አለ፣ እኔ ሁለቱንም አብሬ እጠቀማለሁ።

1. ሲትሪክ አሲድ። ስሙ ያስፈራል እንጂ በሎሚ ውስጥ ያለው ኮምጣጣ ራሱ ነው። ነጭ፣ ስኳር የሚመስል ፍሬ ነው። እስራኤል ያላችሁ «ሜላሕ ሊሞን» በሉ፣ ዐረብ አገር ያላችሁ «ሚልሕ ለይሙን» በሉ፣ የቅመም መደርደሪያ ላይ ታገኙታላችሁ። አዲስ አበባ ስትገዙ ለጽዳት ሳይሆን ለምግብ የሚሆነውን ጠይቁ፤ ማሸጊያው ላይ ካልተጻፈ ተዉት።

2. የሎሚ ልጣጭ። ኮምጣጣነቱ ከሲትሪክ ይመጣል፣ የሎሚ ሽታው ግን ከልጣጩ ነው። የ4 ሎሚ አረንጓዴውን ክፍል ብቻ በስሱ ፋቁ። ነጩን ከነካችሁ ይመራል። ሳህን ላይ ዘርግታችሁ በጥላ አንድ ቀን አድርቁት፤ ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት ሽታው ይበናል። ኦቭን ያለው በ80 ዲግሪ 20 ደቂቃ ገደማ ያስቀምጠው።

በጣት ሲታሽ ብትን ካለ ደርቋል። ከተጣበቀ አልደረቀም፣ ይመለስ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሲትሪክ አሲድ በእጅ ግምት አይጨመርም። ለ1 ኪሎ ድንች የሻይ ማንኪያ ሩብ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ምላስ ይልጣል፣ ጥርስም አይወደውም። ፍሬውንም እንዳለ አትነስንሱት፣ ከጨው ጋር አብራችሁ ፍጩት። አለበለዚያ አንዱ ቺፕስ ምንም አይልም፣ ሌላኛው ፊት ያጨማድዳል።

ደረጃ 3፦ ትክክለኛውን በርበሬ ያዙ

የሜክሲኮም የኮሪያም ጣዕም ሲባል እጃችን ወዲያው ወደ ወጥ በርበሬው ጣሳ ይሄዳል። አይሆንም። የወጥ በርበሬ ውስጥ ኮረሪማ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሌላም ሌላም አለበት። የፈለጋችሁትን ብትጨምሩበት መጨረሻ ላይ የሚሸታችሁ ወጥ ነው። ሚጥሚጣም እንደዚያው፤ ኮረሪማና ጨው ገብቶበታል።

የሚፈለገው ምንም ያልገባበት ቀይ ዛላ በርበሬ ነው።

1. ዛላውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። አትጠቡት።
2. ሰንጥቃችሁ ፍሬውንና ውስጡ ያለውን ነጭ ጅማት አውጡ። ማቃጠሉ በብዛት ያለው ጅማቱ ላይ ነው፣ የምንፈልገው ደግሞ ቀለሙንና ፍሬ ፍሬ የሚል ጣዕሙን ነው።
3. በጣም ለስላሳ እሳት ላይ፣ ምጣድ ላይ፣ እያገላበጣችሁ 2 ደቂቃ አሙቁት። ጭስ ከወጣ አልፏል።
4. ይቀዝቅዝ። ከዚያ ፍጩና በወንፊት ንፉት። ወንፊቱ ላይ የቀረውን መልሳችሁ ፍጩ።

ውስጡ ሻጋታ ያለበት ወይም የጠቆረ ዛላ ካገኛችሁ ወርውሩት። «በእሳት ይጠፋል» አትበሉ፤ የሻጋታው መርዝ በማመስ አይጠፋም።

ውጭ አገር ያላችሁ፦ አሜሪካ «ቺሊ ፓውደር» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ከሙንና ኦሬጋኖ የገባበት ድብልቅ ነውና ጀርባውን አንብቡ። አውሮፓ ጣፋጩ የፓፕሪካ ዱቄት በደንብ ይተካዋል። ዱባይና ጅዳ ያላችሁ ከሕንዶች ሱቅ የካሽሚር በርበሬ ግዙ፤ ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ብዙም አያቃጥልም። የኮሪያ ሱቅ የምታገኙ ደግሞ ጎቹጋሩ የሚባለውን ካገኛችሁ ሌላ አትፈልጉ።

ስትፈጩ መስኮት ክፈቱ፣ ልጆችን አስወጡ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። እጃችሁ ካቃጠላችሁ በውሃ ብቻ መታጠብ ትርጉም የለውም፤ መጀመሪያ በዘይት እሹት፣ ቀጥሎ በሳሙና ታጠቡ። ዓይናችሁን ለማከክ የሚያምራችሁ ደግሞ ልክ ያኔ ነው፣ ተጠንቀቁ።

ከተበላሸ፦ በርበሬው ከመረረ አርሯል። ስኳር አያድነውም። ድፉትና እንደገና ጀምሩ፣ እሳቱን ቀንሳችሁ።

ደረጃ 4፦ ቀምሙ

እያንዳንዱ ድብልቅ ለ1 ኪሎ ድንች ነው፣ የሚወጣውም 6 የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፣ በኋላ ይጠቅማል። መለኪያው ሁሉ የሻይ ማንኪያ ነው፣ እስከ ጠርዙ ተስተካክሎ እንጂ ተቆልሎ አይደለም።

ለሁሉም የሚሠራ ሕግ፦ መጀመሪያ ጨው፣ ስኳርና ሲትሪክ አሲዱን አንድ ላይ አልማችሁ ፍጩ። ከዚያ ሌላውን ቀላቅሉ። ከዚያ ሁሉንም ባንድነት በወንፊት ንፉ። ሻካራ ጨው ቺፕስ ላይ አይቆምም፣ ይንሸራተታል። የላመ ጨው ግን ይለጠፋል፣ በትንሹም ቶሎ ይሰማል።

የሜክሲኮ፣ በርበሬና ሎሚ

በርበሬ 2 ተኩል፣ የደረቀ የሎሚ ልጣጭ 1፣ የነጭ ሽንኩርት ዱቄት 1፣ ጨው ሦስት ሩብ፣ ስኳር ግማሽ፣ ሲትሪክ አሲድ ሩብ።

ሜክሲኮዎች ይህን ጣዕም ቺፕስ ላይ ብቻ አይደለም የሚያውቁት፤ በርበሬ፣ ሎሚና ጨው ያለበትን ዱቄት ማንጎና ኪያር ላይ ሁሉ ይነሰንሳሉ። እናንተም ከተረፋችሁ ማንጎ ላይ ሞክሩት። ከሙን እዚህ አትጨምሩ። ብዙ ሰው ይጨምርና «ለምን ሳምቡሳ ሳምቡሳ አለኝ» ይላል።

የሕንድ ማሳላ

ይህ ለእኛ በጣም ቀላሉ ነው፣ ምክንያቱም ግማሹ ቅመም ጓዳችን ውስጥ አለ።

ድንብላል 1፣ ከሙን 1፣ የደረቀ ቲማቲም ዱቄት 1፣ የሽንኩርት ዱቄት ግማሽ፣ በርበሬ ግማሽ፣ ስኳር ሦስት ሩብ፣ ጨው ሦስት ሩብ፣ እርድ ሩብ፣ ዝንጅብል ሩብ፣ ሲትሪክ አሲድ ሩብ፣ ቁንዶ በርበሬ ቁንጥር።

ድንብላሉንና ከሙኑን በፍሬያቸው አምሳችሁ ነው መፍጨት ያለባችሁ። ሽታው «ወጣሁ» እስኪል ድረስ፣ 1 ወይም 2 ደቂቃ። ተፈጭቶ የተገዛ ከሆነ ምጣድ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አሙቁት፣ ዱቄት ቶሎ ያራል። እርድ ከሩብ አይለፍ፤ ካለፈ መድኃኒት መድኃኒት ይላል።

የቲማቲም ዱቄት ካላገኛችሁ ፍሬውን አውጥታችሁ ቲማቲሙን በስሱ ቁረጡ። በ80 ዲግሪ ኦቭን፣ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ፣ 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ አድርቁ። ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ይፈጫል፣ ከለመጠ ገና ነው። ይህ ሁሉ ጣጣ ካታከታችሁ ዝለሉትና ስኳሩን ወደ 1 ማንኪያ አሳድጉ። አንድ ዓይነት አይሆንም፣ ግን ያስኬዳል።

የሕንድ ሱቅ ቅርብ የሆነላችሁ ሲትሪኩን ትታችሁ አምቹር 1 ማንኪያ አድርጉ፤ ከጥሬ ማንጎ የሚሠራ ኮምጣጣ ዱቄት ነው። ከጨዉም ሩብ ማንኪያውን በጥቁር ጨው ቀይሩ። ጥቁር ጨው ስትከፍቱት የተቀቀለ እንቁላል ይሸታል፣ ተበላሽቶ አይደለም፣ እንዲያ ነው። ሩብ ማንኪያ ላይ ቁሙ።

የኮሪያ፣ ጣፋጭና የሚያቃጥል

የላመ ስኳር 2፣ በርበሬ 1 ተኩል፣ የነጭ ሽንኩርት ዱቄት 1፣ ታምሶ የተወቀጠ ሰሊጥ 1፣ ጨው ሦስት ሩብ፣ ዝንጅብል ሩብ፣ ሲትሪክ አሲድ ቁንጥር።

አኩሪ አተር ሶስ አትጨምሩ። ማር አትጨምሩ። ኮሪያ ውስጥ በ2014 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር የማርና ቅቤ ቺፕስ ወጥቶ ከየሱቁ እስኪጠፋ ድረስ ሰው ተሻምቶበታል፤ ያንን አይቶ ቺፕስ ላይ ማር ያፈሰሰ ሰው ግን እጁ ላይ የሚቀረው የሚያጣብቅ ድንች ነው። ማር ውሃ አለው፣ ከአየርም እርጥበት ይስባል። ለጋ ቅቤም ውሃ አለው። የማርና ቅቤ ዓይነት ካማራችሁ በርበሬውን አውጡና በምትኩ የወተት ዱቄት 2 ማንኪያ አስገቡ፣ ቺፕሱ ትኩስ እንዳለ ደግሞ 1 የሾርባ ማንኪያ ቅመም ያልገባበት የነጠረ ቅቤ ጠብ ጠብ አድርጉበት። ይሄኛው ለጾም አይሆንም። የቀሩት ሁሉ ይሆናሉ።

ዛዕተር

ከሁሉም አጭሩ፣ የዐረብ አገር የጦስኝና የሰሊጥ ድብልቅ። የደረቀ ጦስኝ 2 ተኩል፣ የታመሰ ሰሊጥ 2፣ ጨው ሦስት ሩብ፣ ሱማቅ (ኮምጣጣ ቀይ የቅመም ዱቄት) 1። ሱማቅ ከሌለ ሲትሪክ አሲድ ሩብ። የሰሊጡን ግማሽ ውቀጡት፣ ሙሉ ፍሬው ብቻውን አይለጠፍም። በወንፊት የምትነፉት ሰሊጡ ሳይገባ ነው። እስራኤልና ዐረብ አገር ያላችሁ የተዘጋጀውን ገዝታችሁ እንደገና ፍጩት፣ ለዳቦ የሚሸጠው ለቺፕስ ይሻክራል።

የራሳችን

ሚጥሚጣ 1 ተኩል፣ የሎሚ ልጣጭ 1፣ ስኳር ግማሽ፣ ሲትሪክ ሩብ። ጨው መጀመሪያ አትጨምሩ፤ ሚጥሚጣው አለበት። ቅመሱና ከጎደለ ብቻ ሩብ ማንኪያ። ይህኛው ድብልቅ ከሌሎቹ ያነሰ ነው፣ በየዙሩ ግማሽ ማንኪያ ይበቃዋል።

የወጥ በርበሬ ልንስነስ ካላችሁ ግን ጥሬውን አትሞክሩ፣ ጥሬ ጥሬ ይላል። ወጥ ላይ የምናቁላላው በከንቱ አይደለም። 1 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ በ1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ በጣም ለስላሳ እሳት ላይ 2 ደቂቃ አቁላሉት። ውሃ ጠብ አታድርጉ። ቺፕስ ላይ እኩል ለመዳረስ ያስቸግራል፣ ፈንዲሻ ላይ ግን እሱን የሚያህል የለም።

ቅመሙን በጣት አትቅመሱት፣ ያታልላችኋል። ቂጣ ወይም ጨው የሌለው ብስኩት ላይ ነስንሳችሁ ቅመሱ። ብቻውን ሲቀመስ በጣም ጨው የበዛበት መምሰል አለበት። ትክክል የመሰላችሁ ቅመም ድንቹ ላይ ሲሆን ይጠፋል።

ሲቀላቀል ከተጓጎለ ከውስጡ ያልደረቀ ነገር አለ ማለት ነው። ሰፋ ባለ ሳህን ዘርግታችሁ በሞቀ (ግን በጠፋ) ኦቭን ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆዩት፣ ከዚያ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮርን ስታርች ጨምራችሁ እንደገና ንፉ።

ደረጃ 5፦ ድንች ምረጡ

ፍሪጅ ውስጥ የከረመ ድንች አትጠቀሙ። ብርድ ሲያገኘው ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል፣ ስኳሩ ዘይት ውስጥ ሲገባ ከመድረቁ በፊት ይጠቁራል። ውስጡ ለስላሳ፣ ላዩ ቡናማ፣ ጣዕሙ መራራ የሚሆንባችሁ በዚህ ነው። በጣም በጠቆረ ቺፕስ ላይ አክሪላማይድ የሚባለው ጎጂ ነገርም ይበዛል።

ጠንካራ፣ ሲጫኑት የማይሰረጉድ፣ ያላቆጠቆጠ ድንች ይሁን። ልጣጩ አረንጓዴ የሆነውን ላጥ አድርጋችሁ አትጠቀሙ፣ ጣሉት።

ያላችሁ ድንች ስኳር የበዛበትና ቶሎ የሚጠቁረው ዓይነት ብቻ ከሆነ ማዳኛ አለ፣ ደረጃ 6 መጨረሻ ላይ።

ደረጃ 6፦ ቁረጡ፣ እጠቡ፣ አድርቁ

1. ላጡና ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቁረጡ። ውፍረቱ እኩል መሆኑ ከመሳሳቱ ይበልጣል። በቢላ ከሆነ እኩል ማድረግ ይከብዳል፤ ባለምላጭ መክተፊያ ካላችሁ ተጠቀሙ፣ ግን መያዣውን ሳትተዉ። ጣቷን ስትቆርጥ ያየኋት ሰው የመጨረሻዋን ቁራጭ ለማትረፍ ስትሞክር ነው። የመጨረሻዋን ቁራጭ ተዉአት።

2. ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እጠቡ። ውሃው ወተት ይመስላል። ድፉና ድገሙ። ውሃው ጥርት እስኪል 3 ወይም 4 ጊዜ። ይህን የዘለለ ሰው ቺፕሱ እርስ በርሱ ይጣበቅበታል።

3. አጠንፍፉ። ከዚያ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ በሌላ ፎጣ ተጫኑ። ሲነኩት እጅ የማያረጥብ መሆን አለበት። እርጥብ ድንች ዘይት ውስጥ ሲገባ ዘይቱ ይገነፍላል፣ ይህ ቀልድ አይደለም።

ማዳኛው፦ ድንቹ ቶሎ የሚጠቁር ከሆነ በሚፈላ ውሃ ውስጥ፣ ለ1 ሊትር 1 የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ ጨምራችሁ፣ ቁራጩን 3 ደቂቃ ቀቅሉት። ስኳሩ ወደ ውሃው ይወጣል፣ ኮምጣጤው ደግሞ ድንቹ እንዳይፈርስ ይይዘዋል። አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ 4 ደቂቃ ቢቆይ ችግር የለውም። ከዚያ በደንብ አድርቁት፣ ከበፊቱ በላይ።

ደረጃ 7፦ ጥበሱ

ዘይቱ ከድስቱ ግማሽ አይለፍ። ወደ 165 ዲግሪ አሙቁ። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ አንድ ቁራጭ ጣሉበት፦ ወዲያው አረፋ ከብቦት ከተንሳፈፈ ደርሷል፣ ታች ተኝቶ ከቀረ ቀዝቃዛ ነው፣ በ1 ደቂቃ ውስጥ ከጠቆረ በጣም ሞቋል።

1. ድንቹን ለ6 ዙር ክፈሉት። አንድ ላይ ከጨመራችሁ ዘይቱ ይቀዘቅዛል፣ ድንቹም ከመጠበስ ይልቅ ዘይት ይጠጣል።
2. አንድ በአንድ፣ ግን ቶሎ ቶሎ ጣሉ። ከላይ ወርውራችሁ አይደለም፣ ወደ ዘይቱ ጠጋ አድርጋችሁ።
3. የመጀመሪያውን ግማሽ ደቂቃ በጭልፋው አነቃንቁ። ከዚያ አልፎ አልፎ ገልብጡ።
4. አረፋውን እዩ፣ ጆሯችሁንም ስጡ። አረፋው የሚወጣው የድንቹ ውሃ ነው። ሲበዛ ገና ነው፣ ሊቆም ሲል ደርሷል። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይወስዳል። ቀለሙን ብቻ እያያችሁ ካወጣችሁ ተሳሳታችሁ፤ ወርቃማ ሆኖ አረፋው ያልቆመ ቺፕስ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይለሰልሳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ዘይቱ ከጨሰ እሳቱን አጥፉ። እሳት ከያዘ ውሃ በፍጹም አትድፉበት። ድስቱን አታንሱ። እሳቱን አጥፉና ክዳኑን ክደኑበት፣ እስኪቀዘቅዝም አትክፈቱት። ክዳኑን ከጎናችሁ ያስቀመጥነው ለዚህ ነው።

ደረጃ 8፦ ነስንሱ፣ አሁኑኑ

ስድስቱን ዙር ጠብሶ ጨርሶ ሲያበቃ ባንዴ የሚነሰንስ ሰው ድካሙን ሁሉ ውሃ በላው። ቺፕሱ ከዘይት ሲወጣ ላዩ ላይ ስስ የትኩስ ዘይት ሽፋን አለ። ዱቄቱን የሚይዘው እሱ ነው። ትንሽ ቆይቶ ዘይቱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ወይ ሶፍቱ ይጠጣዋል፣ ከዚያ የሚይዘው የለም።

1. ከመጥበሳችሁ በፊት ቅመሙን 6 ሲኒ ውስጥ እኩል አካፍሉት፣ በየሲኒው 1 የሻይ ማንኪያ። (6 ቁጥርን ያዙ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።)
2. ቺፕሱን በጭልፋው አውጥታችሁ 5 ሰከንድ አንጠፍጥፉ። ሶፍት ላይ ለአፍታ ብቻ።
3. ወደ ጎድጓዳው ሳህን ገልብጡ። የሲኒውን ግማሽ በሻይ ማጥለያው በኩል ከላይ፣ ከፍ አድርጋችሁ ነስንሱ።
4. ሳህኑን ወደ ላይ እያነጠራችሁ ገልብጡ፣ እህል እንደምታንገዋልሉ። በማንኪያ አታማስሉ፣ ይሰባበራል።
5. የቀረውን ግማሽ ነስንሳችሁ ድገሙ።
6. ሰፊ ትሪ ላይ ዘርጉት። ትኩሱን አትቆልሉት፣ እንፋሎቱ ያለሰልሰዋል።

የኮሪያውን ስትነሰንሱ 10 ሰከንድ ጨምራችሁ ጠብቁ። በጣም በጋለ ቺፕስ ላይ ስኳሩ ይቀልጥና ይጣበቃል።

ዘግይታችሁ ከሆነና ቅመሙ ከረገፈ ዘይት አትጨምሩበት። ቺፕሱን በ120 ዲግሪ ኦቭን 4 ደቂቃ አሙቁት፣ ላዩ እንደገና ሲያብረቀርቅ ነስንሱ።

ጨው ከበዛስ? ጨው ያልነካውን ቀጣይ ዙር ጠብሳችሁ ከሱ ጋር ቀላቅሉ። ለዚህ ብዬ የመጨረሻውን ዙር የምነሰንሰው አምስተኛውን ከቀመስኩ በኋላ ነው።

ደረጃ 9፦ አስቀምጡ

ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፣ 1 ሰዓት። ለብ ያለውን ከከደናችሁት ጠዋት ላይ የምታገኙት ልፍስፍስ ነው። አየር በማያስገባ ዕቃ፣ ከብርሃን ራቅ አድርጋችሁ፣ እስከ 4 ቀን። ከለሰለሰ 120 ዲግሪ፣ 5 ደቂቃ፣ ከዚያ ማቀዝቀዝ። ሰሊጥ ወይም ወተት የማይስማማው ሰው ቤት ውስጥ ካለ በየዕቃው ላይ ጻፉበት፤ ዱቄቱ ቀይ ሲሆን ሁሉም ይመሳሰላል።

ዘይት ማፍሰስ ለማይፈልግ፦ ፈንዲሻና ቆሎ

ተመሳሳይ ቅመም ነው፣ የሚለጠፍበት መንገድ ብቻ ይለያል።

ፈንዲሻ ከፈነዳ በኋላ ላዩ ደረቅ ነው፣ ዱቄት አይዝም። ለአንድ ትልቅ ሳህን 1 የሾርባ ማንኪያ የሞቀ ዘይት በቀጭኑ እያዞራችሁ ጠብ ጠብ አድርጉ፣ ገልብጡ፣ ከዚያ 2 የሻይ ማንኪያ ቅመም። ቅመሙን ድስቱ ውስጥ ከበቆሎው ጋር አትጨምሩ፣ በቆሎው ሳይፈነዳ ቅመሙ ያራል።

ቆሎ ተቃራኒው ነው፤ እሱ ትንሽ ውሃ ይችላል። ለ2 ኩባያ ቆሎ ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያና ሲትሪክ አሲድ ቁንጥር በ2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ አሟሙ። ቆሎው ታምሶ ገና ምጣዱ ላይ ትኩስ እንዳለ ውሃውን ረጨት ረጨት አድርጉበትና ቺስ ማለቱ እስኪያቆም በፍጥነት አማስሉ። ጨዉና ኮምጣጣው ላዩ ላይ ይደርቃል። ከምጣዱ አውርዳችሁ 1 የሻይ ማንኪያ ዘይት አሹት፣ ቀጥሎ ጨውና ሲትሪክ ያልገባበትን ደረቅ ቅመም ነስንሱ። የሜክሲኮው ገብስ ቆሎ ላይ፣ የሕንዱ ሽምብራ ላይ ይሄዳል። የኮሪያውን ቆሎ ላይ ሞክሬ አልወደድኩትም፤ ስኳሩ ጥርስ ላይ ይጣበቃል።